በበቅሎ ልክ የተሠራ መንገድ

ካልደሪሚ በግሪክ ተራሮች ከመንደር መንደር የሚወስድ፣ በድንጋይ የተነጠፈ የእግረኛና የጭነት ከብት መንገድ ነው። አብዛኛው የተነጠፈው አገሪቱ በኦቶማን ቱርኮች እጅ በነበረችበት ረዥም ዘመን ነው። ለአዲስ አበባ ሰው የድንጋይ ንጣፍ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው የሰፈሩ ኮብልስቶን ይሆናል፤ ሁለቱ ግን ከድንጋይነት በቀር ብዙም አይዛመዱም። ኮብልስቶን እኩል ተጠርቦ፣ አሸዋ ላይ ተደርድሮ፣ መኪና እንዲነዳበት የሚሠራ ነው። የካልደሪሚ ድንጋይ ከዚያው ከተራራው ይፈነቀላል፣ ለአመል ያህል ይጠረባል፣ በጠርዙ ቆሞ ጎን ለጎን ተጠቅጥቆ ይተከላል። ስሚንቶ አያውቅም። ስፋቱም የሚለካው በበቅሎ ነው። የተጫኑ ሁለት በቅሎዎች ፊት ለፊት ተገናኝተው አንዷም ገደል ሳትገባ ከተላለፉ መንገዱ ሰፊ ነው። ካልተላለፉ ደግሞ ማን ወደ ኋላ ይመለስ በሚለው ላይ ባለቤቶቻቸው እስኪስማሙ ድረስ ዝግ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ሰው ምንጊዜም ተከታይ ነበር። መሐንዲሱ ዳገቱን ሲያይ፣ ጠመዝማዛውን ሲቀይስ፣ ደረጃውን ሲሠራ በልቡ የነበረችው በቅሎዋ ናት። ዱቄቱን፣ ጨውን፣ የወይራ ዘይቱን፣ የጣሪያውን ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ አንዳንዴም ሙሽራዋን የምትሸከም እሷ ነበረችና ቅሬታዋ ይሰማ ነበር። ዛሬ ያለ በቅሎ በባዶ ጀርባው የሚሄድ ጎብኚ ይህን የሚረዳው በአእምሮው ሳይሆን በጉልበቱ ነው። ከአንዱ ደረጃ ጠርዝ እስከ ሌላው ያለው ርቀት አንድ ሜትር፣ ሲሰፋም ከዚያ በላይ ሲሆን ከፍታው ግን ከስንዝር አይዘልም። ለበቅሎ አረማመድ ይህ እንደ ልብ ነው። ለሰው ግን በአንድ እርምጃ አይደረስበትም፣ በሁለት ይተርፋል። ስለዚህ ሁልጊዜ አንዱ እግር እየወጣ ሌላው ይከተላል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቀኝ ጉልበት አቤቱታ ማቅረብ ይጀምራል፤ ግራው የዓመት ፈቃድ እንደ ወጣ ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ ይመለከታል።

ሌላም የበቅሎ ጠባይ በመንገዱ ላይ ተጽፏል። በገደል አፋፍ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ይበልጥ የተበላው ድንጋይ በገደሉ በኩል ያለው ነው። የተጫነች በቅሎ በግራና በቀኝ የተንጠለጠለው ጭነት ከተራራው ግድግዳ ጋር እንዳይላተምባት ውጭውን ጠርዝ ይዛ መሄድ ትለምዳለች። ጭነቱ ወርዶ ሰው ሲቀመጥባትም ልማዷን አትተውም። ሰሜን ተራሮች ላይ በበቅሎ የሄደ ኢትዮጵያዊ ይህን ነገር ማንም ሊነግረው አያስፈልግም፤ በአንድ በኩል ሰማይ፣ ከእግሩ በታች ባዶ አየር፣ በእጁ ደግሞ ለማንም የማይጠቅም ልጓም ይዞ አልፎበታል።

የካልደሪሚ ትልቁ ጠላት ውኃ ነው። ተራራ ላይ የተዘረጋ መንገድ ሁሉ ጎርፍ ሲመጣ ወንዝ ልሁን ይላል፤ ይህን ምኞቱን ማክሸፍ የግንበኛው ዋና ሥራ ነው። ንጣፉ በትንሹ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። በየተወሰነ ርቀት ረዘም ያሉ ድንጋዮች አግድም ተተክለው ውኃውን ከመንገዱ ያወጡታል፤ እግረ መንገዳቸውንም ደረጃ ሆነው ያገለግላሉ። ከታች በኩል መንገዱን የሚይዘው ያለ ማያያዣ የተደራረበ የድንጋይ ካብ ነው። ካቡ ጭቃና ስሚንቶ ስለሌለው ውኃ በመካከሉ ሰርጎ ይወጣል እንጂ ታቁሮ አይገፋውም። ዘመናዊው የሲሚንቶ ግድግዳ በጥቂት ክረምት ሲሰነጠቅ ከጎኑ ያለው የመቶ ዓመት ካብ ቀጥ ብሎ የሚገኘው ለዚህ ነው። ዩኔስኮ በ2018 የዚህን ካብ አሠራር ጥበብ ግሪክና ቆጵሮስን ጨምሮ በስምንት አገሮች ስም በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሰሜን ምዕራብ ግሪክ፣ በኤፒረስ፣ ብዙውን የሠሩት ከኮኒትሳ አካባቢ የሚመጡ ግንበኞች ነበሩ። አካባቢው ራሱ የግንበኞች መንደሮች ተብሎ ይታወቃል። በቡድን ተደራጅተው በፀደይ ይወጡና በረዶ ሳይወርድ ወደየቤታቸው ይመለሱ ነበር። በቡድኑ ውስጥ ድንጋይ ፈላጭ አለ፣ ጠራቢ አለ፣ ገንቢ አለ፣ ጭቃ የሚያመላልስ ልጅ አለ፣ በቅሎም እንዳትረሳ። ከሙያቸው ጋር አብሮ የሚሄድ፣ ኩዳሪቲካ የሚባል የምስጢር ቋንቋም ነበራቸው። ቋንቋው የተፈጠረው የሚያሠራቸው ሰው አጠገባቸው ቆሞ እያዳመጠ እንዳይገባው ነው። ባለቤቱ ምሳ አቅርቦላቸው እርስ በርስ ሲነጋገሩና ፈገግ ሲሉ ስለ ግንቡ ይሁን ስለ ሾርባው የሚያወሩት የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው።

እነዚህ መንገዶች በብዛትና በጥራት የሚገኙት እዚያው ኤፒረስ ውስጥ፣ በፒንዶስ ተራሮች ላይ በተበተኑት 46 የዛጎሪ መንደሮች ነው። ተራራው እህል አይሰጥም፤ የሚሰጠው ድንጋይ ነው። የዛጎሪ ወንዶችም ድንጋይ እንደማይበላ ገና በጠዋት ስለገባቸው ወደ ሩማንያ፣ ወደ ቁስጥንጥንያና ወደ ሌሎችም የንግድ ከተሞች ተሰደዱ። ገንዘብ ሲይዙ ወደ መንደራቸው ላኩ፤ በላኩት ገንዘብ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መንገድና ድልድይ ተሠራ። ቱርኮች ለአካባቢው ሰፋ ያለ ራስን የማስተዳደር መብት ሰጥተው ስለነበር ገንዘቡ መንገድ ላይ ብዙም ሳይንጠባጠብ ይደርስ ነበር ማለት ይቻላል። ልጁን ወደ ውጭ ልኮ በወር በወር የሚጠብቅ አገር ሁሉ ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። ልዩነቱ ዛጎሪዎች ገንዘቡ ሲመጣ ከፎቅ ቤት ቀድመው ድልድይ ማሰባቸው ሳይሆን፣ ሁለቱንም መሥራታቸው ነው።

የድልድዮቹ አሰያየም ለብቻው ይነገርለታል። ድልድይ ስሙን የሚወስደው ከገነባው ሳይሆን ከከፈለው ሰው ነው፤ ከከፋዮችም የመጨረሻው ያሸንፋል። ከቪትሳ መንደር በታች ያለው የ1748ቱ ድልድይ ሚሲዮስ ይባላል፤ ሚሲዮስ ከፍሏል፣ ሌላ የደረበበት የለም፣ ነገሩ ግልጽ ነው። በኪፒ መንደር አቅራቢያ በሁለት ቋጥኞች መካከል የተዘረጋውን የ1750ውን ድልድይ ያሠራው ግን ኖውጾስ የሚባል የቭራዴቶ መንደር ሰው ነበር። ዘመን አልፎ በአቅራቢያው ወፍጮ የነበረው ኮኮሮስ አሳደሰውና ዛሬ ብዙ ሰው ድልድዩን የሚጠራው በባለ ወፍጮው ስም ነው። እዚያው ኪፒ አጠገብ በሦስት ቅስቶች ከፍ ዝቅ እያለ የሚሄደው የ1814ቱ ድልድይም በአንድ መነኩሴ ገንዘብ ተሠርቶ የመነኩሴው ድልድይ ተባለ፤ በኋላ የፕላኪዳስ ቤተሰብ ሲያሳድሰው ስሙን ከመነኩሴው ጋር ተካፈለ። በምድር ላይ ስሙ እንዲዘልቅ የሚፈልግ ባለጸጋ ከዚህ የሚማረው አለ፦ ከማሠራት ማሳደስ ይረክሳል፣ ስሙም ይቆያል።

በኮኒትሳ ከተማ መግቢያ በአንድ ቅስት ብቻ አኦስ ወንዝን የሚሻገረው የ1870ው ድልድይ ግን ከገንቢው ጋር ይታወሳል፤ ገንቢው ዚዮጋስ ፍሮንጾስ ይባላል። ከቅስቱ ሥር ትንሽ ደወል ተንጠልጥላለች። ደወሏ በንፋስ ብዛት ከጮኸች መሻገር አደገኛ ነው ማለት ነው፤ ተሻጋሪው ከነበቅሎው ንፋሱ እስኪበርድ ይጠብቃል። የመንገድ ምልክት ሁሉ እንዲህ ባለጉዳዩን አክብሮ ቢናገር ምን ነበረበት! ደቡብ ላይ በአራክቶስ ወንዝ ላይ ያለው የ1866ቱ የፕላካ ድልድይ ግን ደወልም አያድነውም ነበር። በፌብሩዋሪ 2015 ጎርፍ ቅስቱን ይዞት ሄደ፤ የአቴንስ ፖሊቴክኒክ ምሁራን ሥዕሉንና ስሌቱን አሰናድተው በ2020 ከወንዝ በተለቀመው ድንጋይና በአዲስ ጥርብ ድንጋይ ቆመ።

ስለ ዛጎሪ መንገዶች የሚጽፍ ሁሉ የቭራዴቶን ደረጃ ሳይጠቅስ አያልፍም፤ ማለፍም አይገባውም። ቭራዴቶ ከባሕር ወለል በላይ 1340 ሜትር ላይ የተቀመጠች፣ ከዛጎሪ መንደሮች ሁሉ ከፍተኛዋ ናት። ከታች ካለችው ከካፔሶቮ ጋር የሚያገናኛት በቁም ገደል ላይ ተጠቅልሎ የሚወጣ፣ 39 ጥምዝ ያለውና 1100 ያህል ደረጃ ያለው ካልደሪሚ ነው። እስከ 1973 ድረስ ከዚህ ሌላ መንገድ አልነበራትም። ሐኪም የሚመጣው በዚህ ነው፣ ቀረጥ ሰብሳቢ የሚመጣው በዚህ ነው፣ ምጣድና አልጋ የሚወጣው በዚህ ነው፣ ሬሳም የሚወርድ ከሆነ የሚወርደው በዚህ ነው። የመንደሩ ሰው ጨው ረስቶ ከመጣ 1100 ደረጃ ይወርዳል፣ 1100 ደረጃ ይወጣል፤ የቭራዴቶ ሰዎች የማስታወስ ችሎታ ጥሩ ሳይሆን አይቀርም። ከታች ሆኖ ለሚያየው ግራጫው ደረጃ ከግራጫው ገደል ስለማይለይ መንገድ መኖሩ የሚታወቀው ሰው ሲወጣበት ነው። ወጪው በየጥምዙ ቆሞ ወደ ታች ሲያይ የተወው ጥምዝ ከእግሩ ሥር ነው፤ ወደ ላይ ሲያይ የቀረው ጥምዝ ከአናቱ በላይ ነው፤ በመሐል ባለው ጊዜ መልክዓ ምድር በማድነቅ ሰበብ ትንፋሹን ይሰበስባል። የዛጎሪን መልክዓ ምድር ያደነቁ ሰዎች ብዛት የሚያስገርም አይደለም።

በ1973 የመኪና መንገድ ሲገባ ቭራዴቶዎች በደረጃው መውጣትና መውረዱን ወዲያው ተዉት። ማንም አልፈረደባቸውም። በመላው የግሪክ ተራራ የሆነውም ይኸው ነው። መጀመሪያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ቀጥሎ ከ1946 እስከ 1949 የዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት መንደሮቹን አራቆተ። ቀጥሎ የተረፈው ወጣት ወደ አቴንስ፣ ወደ ጀርመን ፋብሪካዎች፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ አሜሪካ ነጎደ። ቡልዶዘር የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው፤ መንገድ የሚያስፈልገው ሰው ከሄደ በኋላ መንገዱ መጣ። ቡልዶዘሩም ቀላሉን መስመር የሚፈልግ ፍጡር ስለሆነ፣ የድሮ ግንበኞች ደግሞ ቀላሉን መስመር ከሱ ቀድመው አግኝተውት ስለነበር፣ አስፋልቱ በብዙ ቦታ የተነጠፈው በካልደሪሚው ላይ ነው። ያልተሸፈነውንም ቆራረጠው። የዛሬ ተጓዥ በሚያምር ንጣፍ ላይ ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ሁለት ሜትር የተቆረጠ አፈር ላይ ይቆማል፤ ከሥሩ አስፋልት አለ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ደግሞ ያው ንጣፍ ምንም እንዳልተፈጠረ ሽቅብ ይቀጥላል። መሐል ያለችውን ዝላይ ማን ይሙላት የሚለው ጥያቄ ለመንገድ ሥራውም ለቅርስ ጥበቃውም አልተጻፈም። ተጓዡ በቂጡ ተንሸራቶ ይሞላታል።

አሁን ነገሩ ተገልብጧል። የተራራው ሰዎች ሊያመልጡት የተመኙትን ዳገት የአውሮፓ ከተሜዎች ትኬት ቆርጠው፣ ልዩ ጫማ ገዝተው ይወጡታል። በደቡብ ግሪክ፣ በፔሎፖኔዝ፣ የሉሲዮስን ወንዝ ሸለቆ ተከትሎ ከስቴምኒጻ እስከ ላንጋዲያ 75 ኪሎ ሜትር የሚሄደው የሜናሎን መንገድ ብዙ የድሮ የመንደር መንገዶችን ቀጣጥሎ የተሠራ ሲሆን በ2015 የአውሮፓ ተጓዦች ማኅበር የጥራት ምስክር ወረቀት ሰጥቶታል። ዛጎሪም በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። መዝገብ ግን እሾህ አይመነጥርም። መንገዱን በእርግጥ ክፍት የሚያደርጉት ሁለት ወገኖች ናቸው፦ ቅዳሜና እሑድ መቁረጫና መጋዝ ይዘው የሚወጡ በጎ ፈቃደኞች፣ እንዲሁም ፍየሎች። ፑርናሪ የሚባለው፣ ቅጠሉ ሁሉ እሾህ የሆነው ድንክ የኦክ ዛፍ ሁለት ዓመት ካልተነካ መንገዱን ይዘጋዋል። ፍየል ይበላዋል። በጎ ፈቃደኛ እየተወጋ ይቆርጠዋል። ከሁለቱ ፍየሏ የተሻለ ትሠራለች፤ ሪፖርትም አትጽፍም።

በካልደሪሚ የሚሄድ ሰው የሚመራው በድንጋይ ላይ በተቀቡ ቀይ ነጥቦች፣ ዛፍ ላይ በተቸነከሩ ትንንሽ ቆርቆሮዎችና ተጓዦች ደርድረው በተዉአቸው የጠጠር ክምሮች ነው። ምልክቶቹ መንገዱ ግልጽ በሆነበት ቦታ በየአሥር እርምጃው አሉ፤ ሦስት መንገድ በሚገናኝበት ቦታ ይጠፋሉ። ያኔ ሰው መጠየቅ የግድ ይሆናል። ገበሬው ርቀትን የሚናገርበት የቆየ መለኪያ አለው፤ “አንድ ሲጋራ መንገድ ነው” ይላል፣ አንድ ሲጋራ ተጭሶ እስኪያልቅ ማለቱ ነው። መለኪያው በማን ሳንባ እንደሆነ አይነገርም። ከልጅነቱ ጀምሮ ያንን ዳገት የለመደ ሽማግሌ በአንድ ሲጋራ የሚጨርሰውን የማያጨስ ጎብኚ አንድ ሰዓት ተኩል ሊፈጅበት ይችላል። መልሱን የሚሰጠው ሰው ብዙውን ጊዜ በመኪና ተቀምጦ መሆኑም መታወቅ አለበት።

ከእረኛ ውሻ ጋር መገናኘት አይቀርም። ትልቅ ነው፣ ሥራውን ይወዳል፣ ጫማው ውድ ስለሆነ ብቻ ማንንም በጎቹን ሊሰርቅ አልመጣም ብሎ አያምንም። የአገሩ ሰው ምክር ድንጋይ ለማንሳት እንደሚል ሰው ጎንበስ ማለት ነው፤ ውሻው ድንጋዩን ሳያይ ጎንበስ ማለቱን ብቻ አይቶ ይርቃል ይባላል። ብዙ ጊዜም ይሠራል። በካልደሪሚ ላይ ድንጋይ ማግኘት አያስቸግርም፣ ሁሉም ግን ተተክሏል።

መንደር ሲደረስ መንገዱ ሳያስፈቅድ ወደ አደባባዩ ያስገባል። አደባባዩ ላይ ፕላታኖስ የሚባል ግዙፍ ዛፍ፣ ከሥሩ ምንጭ፣ አጠገቡ ቡና ቤት አለ። ወንበር ላይ የተቀመጡት አሮጊት ለመጪው ሰላምታ ከሰጡ በኋላ የሚጠይቁት ጥያቄ ለአበሻ ጆሮ እንግዳ አይደለም፦ “የማን ልጅ ነህ?” ከሩቅ አገር የመጣ መሆኑ ሲነገራቸው ጥያቄውን አይተዉም፤ እዚያ አገር ያለ የእህታቸውን ልጅ ያውቀው እንደሆነ ይጠይቃሉ። ቀጥሎ ቡና፣ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ፣ በማንኪያ የሚበላ ጣፋጭ ይመጣል። በዛጎሪ በዱቄት፣ በእንቁላልና በአይብ የሚጋገር ስስ ቂጣም አለ። ከተጨመቀ ወይን አተላ የሚወጣው ጺፑሮ የተባለ አረቄም ይቀርባል፤ ቀሪው መንገድ ሽቅብ ከሆነ አንዱ ይበቃል፣ ቁልቁል ከሆነ አንዱም ይበዛል። በበረዶው ወራት ጥቂት ጭስ ብቻ የሚታይባቸው እነዚህ መንደሮች በኦገስት 15 ለፍልሰታ በዓል ከአቴንስና ከውጭ በሚመለሱ ልጆቻቸው ይሞላሉ፤ የመጡትም በመኪና ነው።

ካልደሪሚ የኤፒረስ ብቻ አይደለም። በፔሊዮን ተራራ ከጻጋራዳ በቼስትነትና በወይራ ዛፍ ጥላ ሥር እስከ ዳሙሃሪ ወደብ የሚወርደው እጅግ ያምራል፤ ባሕሩ ከላይ ሲታይ ቅርብ ይመስላል፣ ጉልበት ግን አይስማማም። በዚያው ተራራ ላይ እስከ ሚሊየስ የሚሄደው የ1903 ትንሽ ባቡር ሐዲድ ስፋት 60 ሳንቲሜትር ነው፤ የተጫነች በቅሎ የምትፈልገውን ያህል እንኳ አይሞላም። በሳንቶሪኒ ደሴት ደግሞ ከወደቡ ወደ ከተማው በሚያወጣው ደረጃ ላይ አህያና በቅሎ ዛሬም ጎብኚ ይሸከማሉ። የግሪክ መንግሥት በ2018 ከ100 ኪሎ ወይም ከእንስሳው ክብደት አንድ አምስተኛ በላይ እንዳይጫን መመሪያ አውጥቷል። ጭነቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ዱቄት በነበረ ጊዜ መመሪያ አላስፈለገም፤ ቱሪስት ሲሆን አስፈለገ።

ለጉዞው የሚመቸው ወቅት ግንቦትና ሰኔ፣ ከዚያም መስከረምና ጥቅምት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ድንጋዩ ይጋገራል፣ ከጥቅምት በኋላ ደግሞ በረዶው ከፍታውን ይይዘዋል። ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ይሁን፤ ምርኩዝ ጫፉ በድንጋይ መካከል እየገባ ስለሚሰበር ጎማ ይደረግለት። ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚያሻው ዝናብ ነው። የብዙ ትውልድ ኮቴ ያለሰለሰው የኖራ ድንጋይ ሲርስ ልምድ ያለውንም የሌለውንም እኩል ይጥላል። በዚያ ቀን የቭራዴቶን ደረጃ ቁልቁል ለመውረድ ያሰበ ሰው ካለ ለነገ ያቆየው፤ ያን ቀን ብቻ አስፋልቱ ይሻላል።